ቃለ መጠይቁ አልፎ መልሱ ሲዘገይ

ጥያቄው የደረሰኝ ከሰላ ድንጋይ፣ ለብዙ ዓመታት በመምህርነት አገልግለው ጡረታ ከወጡ አባት ነው። በዲቪ አሜሪካ ሄዳ የመጀመሪያ ዲግሪዋን እዚያው የጨረሰችው የ25 ዓመት ልጃቸው ለሕክምና ትምህርት ቤት አመልክታ በሦስት ቦታ ቃለ መጠይቅ አድርጋለች፤ የመጀመሪያውን በጥቅምት፣ ሁለተኛውን በኅዳር መጨረሻ፣ ሦስተኛውን በጥር አጋማሽ። የካቲት ገብቶም ከአንዳቸውም መልስ አልመጣም። በጥቅምቱ ቃለ መጠይቅ አብራት የነበረች አንዲት አመልካች ግን ተቀባይነት ማግኘቷ በታኅሣሥ ተነግሯታል። አባትየው የጠየቁት በአጭሩ ይህ ነው፦ ዝምታው አልተቀበልንሽም ማለት ነው ወይ? ደብዳቤ መጻፍ፣ ስልክ መደወል ወይም እዚያ የሚሠራ የሀገር ሰው ገብቶ እንዲጠይቅላት ማድረግ ይጠቅማል ወይ? እናቷ በየቀኑ እየደወሉ «ምን ሰማሽ?» ማለታቸውስ ደግ ነው? ልጅቷ በክረምት ልትጠይቃቸው አስባለችና ትኬቱን ትቁረጥ ወይስ ትቆይ?

እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። አሜሪካ በነበርኩባቸው ዓመታት በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት አመልካቾችን ቃለ መጠይቅ ከሚያደርጉት አንዱ ነበርኩ፣ በቅበላ ኮሚቴውም ተቀምጫለሁ፤ አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከዚህ በታች የምለው እንግዲህ ውሳኔው እንዴት እንደሚሰጥ በቅርብ ካየሁት ነው።

የተከበሩ መምህር፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ «አይደለም» የሚል ነው። በየካቲት ያለ ዝምታ አልተቀበልንሽም ማለት አይደለም፤ ተቀብለንሻል ማለትም አይደለም። ትምህርት ቤቱ ገና አልጨረሰም ማለት ብቻ ነው። ይህን ለመቀበል የሚከብደው እኛ የምናውቀው አሠራር ሌላ ስለሆነ ይመስለኛል። እርስዎ በመምህርነት ዘመንዎ ስንት ተማሪ ሸኝተዋል፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይወጣል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ምደባውን ይለቃል፣ ልጁም ስሙ የት እንደወጣ በዚያው ሰሞን ያውቃል። የሌሎቹ ስም ወጥቶ የእርሱ ከሌለ ነገሩ ተቆርጧል። በአሜሪካ ግን ለሕክምና ትምህርት የሚመድብ አንድ አካል የለም። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሚያስተዳድረው አምካስ የተባለው ማዕከል ማመልከቻውን ተቀብሎ፣ አጣርቶ፣ አመልካቹ ለመረጣቸው ትምህርት ቤቶች ያስተላልፋል እንጂ ማን የት ይግባ ብሎ አይወስንም። የሚወስነው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በራሱ ኮሚቴ ነው፤ ውሳኔውም በአንድ ቀን ሳይሆን ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ክረምት ድረስ ጥቂት በጥቂት ይወጣል። ስለዚህ የጓደኛዋ ስም መውጣቱና የእርሷ አለመውጣቱ ከምደባ ዝርዝር ላይ ስም እንደ መታጣት አይቆጠርም።

ኮሚቴው የሚሠራውን በዝርዝር ልንገርዎ፤ የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት የሚመነጨው ይህን ካለማወቅ ነውና። ቃለ መጠይቅ ያደረገው ሰው አይወስንም። ውይይቱ እንዳለቀ፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ፣ የተዘጋጀ ቅጽ ይሞላል፦ ሐሳቧን እንዴት እንደገለጸች፣ ሕክምናን ለምን እንደመረጠች፣ ለታመመ ሰው ያላትን አያያዝ፣ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሲገጥማት እንዴት እንዳሰበች። ይህ ሪፖርት ከውጤቷ፣ ኤምካት ከሚባለው የመግቢያ ፈተና ነጥቧ፣ ከጻፈችው ጽሑፍና መምህራኖቿ ከላኩት የድጋፍ ደብዳቤ ጋር ሆኖ ወደ ኮሚቴው ይቀርባል። ኮሚቴው በየጥቂት ሳምንቱ ይሰበሰባል፤ በአንድ ስብሰባ ሊያይ የሚችለው የፋይል ብዛትም የተወሰነ ነው። አንዱ አባል ፋይሉን አንብቦ ያቀርባል፣ ውይይት ይደረጋል፣ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሦስት ነው። አንዳንዶቹ ወዲያው ተቀባይነት ያገኛሉ፤ አንዳንዶቹ አልተቀበልናችሁም ተብለው ወዲያው ይሸኛሉ፤ ከሁለቱም የሚበዙት ደግሞ «ይቆዩ» ተብለው ገና ቃለ መጠይቅ ካላደረጉት ጋር እንዲመዘኑ ይተላለፋሉ። ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ ትምህርት ቤቱ ብዙ ጊዜ ምንም አይጽፍም። ልጅዎ የምትሰማው ዝምታ በአብዛኛው ይህ ነው። በዚህ ክፍል የሚቆዩት ደግሞ ደካሞች አይደሉም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ተቀባይነት ወዳገኙት ዝርዝር የሚሻገሩት ከእነዚሁ መካከል ናቸው።

ጓደኛዋ በታኅሣሥ መስማቷም በዚሁ ይገለጻል። የትምህርት ቤቶቹ የጋራ ደንብ በመደበኛው ማመልከቻ ላመለከተ ሰው የመቀበያ መልስ ከኦክቶበር 15፣ በእኛ ከጥቅምት 5 በፊት እንዳይሰጥ ያዛል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በወደደው ጊዜ መስጠት ይችላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ቃለ መጠይቅ አደረጉ ማለት ፋይላቸው በአንድ ስብሰባ ታየ ማለት አይደለም። የአንዷ ጠያቂ ሪፖርቱን በዕለቱ ያስገባል፣ የሌላዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያስገባል። አንዷ ትምህርት ቤቱ ባለበት ክፍለ ሀገር ነዋሪ ልትሆን ትችላለች፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ብዙውን ወንበር ለነዋሪዎቻቸው ስለሚይዙ የነዋሪና የውጭ አመልካች ፋይል በተለያየ ጊዜና በተለያየ ሚዛን ሊታይ ይችላል። ጥቂት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለሁሉም በአንድ ቀን፣ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት፣ መልስ ይለቃሉ። ልጅዎ ከጠየቋት ሦስት ትምህርት ቤቶች የትኛው በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ ከየድረ ገጻቸው ታረጋግጥ፤ ይህን ማወቅ ብቻውን ከጭንቀቱ ግማሹን ያነሳል።

በደብዳቤዎ ላይ ልጅቷ ከጥር ቃለ መጠይቅ ስትወጣ አንዱን ጥያቄ አበላሸሁት ብላ እንዳለቀሰች ጽፈዋል። የሦስተኛው ቃለ መጠይቅ ዓይነት አጫጭር ጣቢያዎች ያሉት፣ በየጣቢያው ሌላ ጠያቂ የሚቀመጥበት መሆኑንም ገልጸዋል። ይህ አሠራር ከ20 ዓመት በፊት ገደማ በካናዳ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተቀረጸ ነው። የተቀረጸበት ምክንያት ደግሞ ልጅዎን ያስለቀሳት ነገር ራሱ ነው፦ አንድ አመልካች ከአንድ ጠያቂ ጋር ባጋጣሚ ባለመግባባቱ ወይም በአንድ ጥያቄ በመደናቀፉ ብቻ እንዳይወድቅ፣ ነጥቡ በብዙ ጠያቂዎች ተከፋፍሎ እንዲደመር ነው። በአንዱ ጣቢያ የወረደ ነጥብ በሌሎቹ ይካካሳል። በተለመደው ዓይነት ቃለ መጠይቅም ቢሆን፣ እኔ እስከማስታውሰው ድረስ፣ አንድ ጥያቄ ላይ ቃል ጠፍቶበት የተሸኘ አመልካች አላየሁም፤ የሚሸኙት ስለ ሰው ሕመም ሲያወሩ ግድ የማይሰጣቸው፣ ወይም በጽሑፋቸው የሠሩትን ሥራ ሲጠየቁ ማስረዳት ያቃታቸው ናቸው። ደግሞ አመልካቹ የሚያስታውሰው የተደናቀፈበትን ነው፤ ጠያቂው የጻፈው ምን እንደሆነ አያውቅም። ቅጹ ተሞልቶ አልቋልና በዚያ ላይ ማልቀሷን ትተው።

አሁን ስለ ቀኖቹ። ከማርች 15፣ በእኛ ከመጋቢት 6 በፊት፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢያንስ የአንደኛ ዓመት ወንበሮቹን ብዛት ያህል የመቀበያ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ብዙ መልስ የሚወጣበት ወቅት ነው፤ ልጅዎ ገና በዚህ ወቅት ውስጥ ናት። ነገር ግን 150 ወንበር ያለው ትምህርት ቤት 150 ሰው ብቻ ተቀብሎ ክፍሉን አይሞላም። ጠንካራ አመልካች በሦስት በአራት ቦታ ተቀባይነት ያገኛልና፣ ትምህርት ቤቱ ሊቀሩ የሚችሉትን ገምቶ ከወንበሩ በላይ ይጠራል፤ ግምቱ እንዳይበዛበት ደግሞ ሌሎችን በተጠባባቂነት ይይዛል። ወሳኙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በብዙ ቦታ ተቀባይነት ያገኘ አመልካች እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ ከሦስት የበለጠ ወንበር ይዞ እንዳይቆይ፣ እስከ ኤፕሪል 30፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 22 ደግሞ አንዱን ብቻ እንዲይዝ ደንቡ ይጠይቃል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት በመላ አገሪቱ የተያዙ ወንበሮች ይለቀቃሉ፤ በግንቦት የተጠባባቂዎች ዝርዝር መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ትምህርት እስኪጀመር እስከ ሐምሌና ነሐሴ ድረስም ይቀጥላል። አንዱ ተጠባባቂ ሲጠራ እርሱ ይዞት የነበረው ሌላ ወንበር ይለቀቃል፣ በዚያ ቦታ ሌላ ተጠባባቂ ይጠራል፤ ስለዚህ በግንቦት መጨረሻ ያልተጠራ ሰው በሰኔ ሊጠራ ይችላል። «በተጠባባቂነት ይዘንሻል» የሚል መልስ ከመጣ እንግዲህ ቤተሰቡ እንደ መርዶ እንዳይቀበለው አደራ እላለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። አንድ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ሌላውን የበለጠ የምትወደውን በተጠባባቂነት የምትጠብቅ ከሆነ፣ በአምካስ ላይ ሁለት ዓይነት ምርጫ ታገኛለች። አንደኛው «ለመመዝገብ አቅጃለሁ» የሚለው ሲሆን በሌሎች ተጠባባቂ ዝርዝሮች ላይ እንድትቆይ ይፈቅድላታል። ሁለተኛው «በቁርጥ እመዘገባለሁ» የሚለው ነው፤ ይህን ስትመርጥ ከሌሎቹ ሁሉ ወጥታለች ማለት ነው። ደስታና ጥድፊያ ባለበት ሰዓት ሁለተኛውን የሚመርጥ አመልካች አለ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በኋላ የሚወደው ትምህርት ቤት መንገዱ ተዘግቶበት ይቀራል። ትምህርት ቤቱ ራሱ በደንቡ መሠረት ሁለተኛውን እስኪጠይቃት ድረስ በመጀመሪያው ትቆይ።

ደብዳቤ መጻፍን በተመለከተ፣ ይጠቅማል፤ ግን ሁሉም ዓይነት ደብዳቤ አይጠቅምም። የምስጋና ደብዳቤ ጨዋነት ነው፣ ውሳኔ ግን አይለውጥም። የሚጠቅመው አዲስ ነገር የያዘ ደብዳቤ ነው። ልጅዎ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከሐኪሙ አጠገብ ሆና መዝገብ በመጻፍ ሥራ ላይ እንዳለች ነግረውኛል፤ ካመለከተችበት ጊዜ ወዲህ ኃላፊነቷ ካደገ፣ አዲስ ኮርስ ወስዳ ውጤት ካገኘች፣ የተሳተፈችበት ጥናት ከታተመ ወይም በማኅበረሰቧ የጀመረችው አገልግሎት ካለ፣ ይህንን ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ ለሦስቱም ልትልክ ትችላለች። ከዚያ በፊት ግን የየትምህርት ቤቱን መመሪያ ታንብብ፤ አንዳንዶቹ ከቃለ መጠይቅ በኋላ ምንም ተጨማሪ ነገር አንቀበልም ይላሉ፣ አንዳንዶቹ በፖርታላቸው ብቻ ይቀበላሉ፤ መመሪያውን የጣሰ ደብዳቤም ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። አዲስ ነገር ከሌላት ደግሞ ስለ መጓጓቷ ብቻ ለመጻፍ አትድከም። በየወሩ የሚደርስ ተመሳሳይ ደብዳቤ ለኮሚቴው የሚነግረው የአመልካቹን አለመረጋጋት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ አለ፤ «ከተቀበላችሁኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ እናንተ ዘንድ እመጣለሁ» የሚል። ይህ ደብዳቤ ክብደት የሚኖረው በተለይ በተጠባባቂነት ከተያዘች በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በግንቦት ወንበር ሲለቀቅበት ብጠራው የሚመጣ ማን ነው ብሎ ይጠይቃልና። ግን የሚጻፈው ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፣ ቃሉም እውነት መሆን አለበት። ይህንኑ ደብዳቤ ለሁለትና ለሦስት ቦታ ልከው የሚጠብቁ አመልካቾች አሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የሐኪም ሥራ ሰው በቃሉ የሚታመንበት ሥራ ነው፤ ወደ ሙያው የሚገባበት በር ላይ ሆኖ ሁለት ቦታ ቃል የሚሰጥ ሰው ነገ ለታማሚው የሚነግረው ቃል ምን ያህል ይታመናል? ልጅዎ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚበልጥባት ገና ካልወሰነች፣ ይህን ደብዳቤ አለመጻፍ ትችላለች፤ ማንም አይቀጣትም።

የሀገር ሰው ገብቶ እንዲጠይቅ ማድረግን እባክዎ ይተዉት። አሳብዎ ከምን እንደመጣ ይገባኛል፤ እኛ ዘንድ አንድ ጉዳይ ሲዘገይ በመሥሪያ ቤቱ የሚያውቁትን ሰው መፈለግ ልማድ ነው፣ ፈላጊውም የሚፈልገው ብዙ ጊዜ አድልዎ ሳይሆን መረጃ ነው። እዚያ ግን የኮሚቴው አባል ከአመልካች ዘመድ ጋር ስለ ፋይሉ ከተነጋገረ ራሱን ከውሳኔው እንዲያገል ይጠበቅበታል፤ ነገሩም በልጅቷ መዝገብ ላይ ጥላ ያሳርፋል። ቢሮውም የሚያነጋግረው አመልካቿን ራሷን ብቻ ነው። ወላጅ መደወሉ አይረዳትም፣ 25 ዓመት የሞላት ሰው ጉዳይዋን በራሷ መያዝ አልቻለችም የሚል ግምት ያመጣል። ፋይሏ ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥ ካስፈለገ እርሷው አንድ ጊዜ አጭር ኢሜይል ትጻፍ።

ስለ እናቷ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለፃድቃኔ ማርያም ተስለዋል፣ ሱባኤም ሊገቡ አስበዋል። ይህ የእናትነታቸው ነው፤ እኔም የማከብረው ነው፤ ከምለው ከማንኛውም ነገር ጋርም አይጋጭም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለቱን የልጅቷ ዕዳ አያድርጉት። «ስለቴን ልታደርሽ ነው» ተብላ በየቀኑ የምትጠየቅ ልጅ መልሱ አሉታ ቢሆን የእናቷንም ልመና ከንቱ ያደረገች ይመስላታል። በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል በክረምታቸው እኩለ ቀን ነው፤ የእናቷ ጥሪ የሚደርሳት እንግዲህ በሥራዋ መካከል ነው። ከዚያ የምትሰጠው መልስ ደግሞ «ገና ነው» የሚል ብቻ ነው፤ ይህን ቃል ደጋግሞ መናገር ምን ያህል እንደሚያደክም የጠበቀ ሰው ያውቀዋል። መልስ ሲመጣ እርሷ ራሷ እንደምትደውል ተስማሙ፤ እስከዚያው ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ወንድሞቿ ልጆች ያጫውቷት። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በቃለ መጠይቅ ካገኘኋቸው ወጣቶች ብዙዎቹ ከውሳኔው ይልቅ የሚፈሩት ውሳኔውን ለወላጅ መንገርን ነበር።

አሉታ ሊመጣ እንደሚችልም ሳልሸሽግ ልንገርዎ። በአውሮፓውያኑ 2024 ለመግባት በአሜሪካ ኤምዲ የሚባለውን የሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ ለሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ያመለከቱት 52,000 ገደማ ሲሆኑ የገቡት 23,000 ገደማ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዚያ ዓመት አልገባም። በሦስት ቦታ ቃለ መጠይቅ መጠራቷ ከአብዛኛው አመልካች የተሻለ ስፍራ ላይ ያደርሳታል፤ ዋስትና ግን አይደለም። ስለዚህ መጠበቁን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አታድርገው። ሥራዋን ትቀጥል። የአዲሱ ዓመት ማመልከቻ በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ተከፍቶ የሚላከው ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ነው፤ ቀደም ብሎ የላከ ደግሞ ቀደም ብሎ ይታያል። እስከ ሚያዝያ 22 ወንበር ካልያዘች በተጠባባቂነት እየቆየችም ቢሆን ጽሑፏን ማደስና የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ትጀምር። የኤምካት ነጥቧን አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ስለሚቀበሉት ጥሩ ከሆነ ፈተናውን መድገም አያስፈልጋትም። ያልተቀበሏት ትምህርት ቤቶች ምን ጎደለኝ ብላ ብትጠይቅ መልስ የሚሰጡ አሉ፤ ያን መልስ ሳያገኙ ያንኑ ማመልከቻ እንደገና መላክ ከንቱ ድካም ነው። ዲኦ የሚባለውን ዲግሪ የሚሰጡትንም ትምህርት ቤቶች ትመልከት፤ ሙሉ የሐኪምነት ፈቃድ የሚያስገኙ ናቸው፣ የማመልከቻ ማዕከላቸው ግን ሌላ ነው።

ዕድሜዋ አለፈ የሚለው ስጋትዎ መሠረት የለውም። ደብረ ብርሃን በአሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ሕክምና የሚማር ልጅ ከ12ኛ ክፍል በምደባ ስለሚመጣ በ25 ዓመቱ ተመርቆ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ግን መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ ይጠየቃል፤ የሕክምናው አራት ዓመት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ዕድሜ 24 ገደማ ነው፤ ልጅዎም በ25 ዓመቷ ከእኩዮቿ ጋር ናት።

ትኬቱን በተመለከተ፣ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ሰኔ አጋማሽ ከአገር ባትወጣ እመርጣለሁ፤ ተጠባባቂዎች በብዛት የሚጠሩት በዚያን ጊዜ ነው፣ ለተጠራው ሰው የሚሰጠው የመልስ ጊዜም ጥቂት የሥራ ቀናት ብቻ ይሆናል። ለፋሲካ መምጣት ከቻለች ከሁሉ ይሻላል። የግድ በሐምሌ ከሆነ ደግሞ ቀኑ የሚቀየር ትኬት ትቁረጥ፤ በማመልከቻዋ ላይ የሰጠችው ስልክ ኢትዮጵያ ውስጥ ላይሠራ ስለሚችል በምትቆይባቸው ሳምንታት በኢሜይል እንዲያገኟት ለትምህርት ቤቶቹ አስቀድማ ታሳውቅ፤ ሰላ ድንጋይ ኔትወርክ በሚጠፋባቸው ቀናት ደግሞ ደብረ ብርሃን ድረስ ወርዳም ቢሆን ኢሜይሏን በየዕለቱ ትክፈት።